ውኃ አቀባይ፦ ወንድሜን ልሰናበት ወደ ደማም ያደረግሁት ጉዞ

ወንድሜን ልሰናበት ሄጄ ቀንቼበት ተመለስኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ በኋላ እንዳይታለል ነው። የመንገዱን፣ የማረፊያውንና የገበታውን ነገር እንደ ሥርዓቱ በየቀኑ አስከትላለሁ፤ በእያንዳንዱ ቀን ውስጥ ግን ያ ቅናት አብሮኝ እንደነበረ ይታወቅልኝ። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሥራ ዘመኔን ታሪክ በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼን «የአንድ ሰው ትዝታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም» እያልኩ አስጨንቄያቸዋለሁ። እነሆ ዛሬ በእጄ ያለው ማስረጃ የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ ነው፤ ያውም የሽማግሌ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ታላቄ ሰይድ ልጆች ሳለን፣ ከሐይቅ ማዶ ባለችው መንደራችን፣ አያታችን ይማም በሞት አልጋ ላይ ነበር። ከንፈሩን በተነከረ ጥጥ የሚያርስለት አንድ ልጅ ነበረ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ሳይመረቅ አይነሳም፤ አያታችንም መረቀ፦ «ባሕር ተሻገር። ዘርህ እንደ ጤፍ ይብዛ። በምትሞትበት ቀን ውኃ አቀባይ አትጣ።» ጥጡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቢያንስ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ስል ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም በየከተማው ከተበተኑ ወዲህ፣ ደሴ ላይ ብቻዬን ስኖር የተደገፍኩት በዚያች በመጨረሻይቱ ቃል ነው። ውኃ አቀባይ አላጣም፤ ተመርቄያለሁ።

እሑድ

ወንድሜ ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ውሰዱት» ካሉት በኋላ በስልክ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመንደራችንን የሾላ ምንጭ ውኃ። ሄጄ በትንሽ ጀሪካን ቀዳሁ፤ በጋቢ ጠቅልዬም ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወሰደኝ ሾፌር ሻንጣውን ሲያነሳ የውኃውን መንቦጫረቅ ሰማ።

«ጋሼ፣ ጠጅ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ውኃ ነው።»

«ወደ ዓረብ አገር ውኃ? ነዳጅ በዝቶባቸው ነው አሉ?»

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ማታ ወደ ደማም በረርን። አጠገቤ የተቀመጠችው ከወረባቦ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ለቤት ሠራተኝነት መሄዷ ነው። የወንበሩን ቀበቶ ማሰር አቅቶኝ ስንገታገት እጇን ዘርግታ ቀጭ አደረገችልኝና፣

«አባባ፣ አንቱም ለሥራ ነው?» አለችኝ።

«አይ ልጄ፣ ወንድሜን ልጠይቅ ነው። ታሞብኛል።»

«ታድለው!» አለች። «ከአገር ድረስ የሚጠይቃቸው አላቸው።»

እሷ ለማጽናናት ተናገረችው እንጂ ቃሉ ግን እስከ ንጋት አላስተኛኝም። እኔ ብታመም ከየት ድረስ ማን ይመጣል? ልጄ ከሐዋሳ በበዓል በበዓል ይደውላል። የልጅ ልጆቼ ስልኩን እናታቸው ስትሰጣቸው «ደህና ነኝ» ይሉና፣ እኔ ምን እንዳልኩ ሳይሰሙ እርስ በርሳቸው ይቀባበሉታል።

ሰኞ

ደማም አየር ማረፊያ የጣት አሻራዬን የሚያነበው መሣሪያ እምቢ አለ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ፣ ሌባ ጣቴን አስቀመጥኩ፣ ምንም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ረዘመ። ወጣቱ ሹም ተነስቶ ይገስጸኛል ብዬ ስጠብቅ ከመሳቢያው ቅባት አውጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሸ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ሐጂ» ይለኝ ጀመር፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሐጂ አለመሆኔን ለማስረዳት የሚበቃ ዓረብኛ ስላልነበረኝ ማዕረጉን ተቀብዬ አለፍኩ።

ውጭ የጠበቀኝ የወንድሜ ልጅ ኑሩ ታሪኩን ሲሰማ ሳቀ። «ጋሼ፣ አሻራዎን ጠመኔ በልቶት ነው» አለኝ።

የደሴን ጉም ለሚያውቅ የደማምን እርጥበት እንዴት ልግለጸው? የደሴ ጉም አጥንት ያቀዘቅዛል፤ የደማሙ ከገንፎ ድስት ላይ ክዳን እንደተነሳ ይመስላል። መነጽሬ ወዲያው ታወረ። መንገዱ ሰፊ፣ ምድሩ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ጦሳ ያለ ዓይን የሚያሳርፍ ተራራ አጥቼ አንገቴን ወዲያና ወዲህ ሳዞር አረፈድኩ።

ቤታቸው አል አዳማ በሚባለው ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነው። እኛ ዘንድ የሚያጣጥር ሰው ጓዳ ይተኛል፣ ድምፅም ይቀነስለታል። ወንድሜን ያገኘሁት ግን በእንግዳ መቀበያው መካከል ነው። አልጋው ሥር ትንንሾቹ የልጅ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተንጋለው የትምህርት ቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ አንደኛው መጽሐፉን ጭራሽ በወንድሜ እግር ላይ አስደግፎታል። ሰውነቱ አልቆ አንሶላው ከፍ ያለ እንኳ አይመስልም። ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል። ድምፄን ሲሰማ፣

«ፕሮፌሰር» አለ። «ገና ሳልሞት ጥናት ልትሠራብኝ መጣህ?»

«አያ፣ ውኃህን አመጣሁልህ» አልኩና ግንባሩን ሳምኩት።

ጀሪካኑን የተቀበለችኝ ራሐፍ ናት፤ የኑሩ ታላቅ ልጅ፣ የነርስነት ተማሪ። አማርኛዋን ከአያቷ ብቻ ስለለቀመችው እንደ ወሎ ሽማግሌ ነው የምትናገረው፤ «አንቱ» ማለትን ግን ማንም አላስተማራትም።

«አንተ፣ ይኼ ምንድን ነው? ውስጡ ሣር አለ» አለችኝ።

«አያትሽ ያደገበት ምንጭ ነው።»

«ወላሂ በሽታ ነው። ሆዱን ልትፈጀው ነው?»

ወሰደችና ከላዩ ቀድታ አፈላችው፤ በፋሻ አጠለለችው፤ አቀዘቀዘችው። በማንኪያ ስትሰጠው ወንድሜ አፉ ውስጥ ጥቂት አቆየና ዋጠ።

«የሾላው ሽታ የት ሄደ?» አለ።

«ከባክቴሪያው ጋር ሄደ፣ ጂዲ» አለች። ጂዲ ማለት አያቴ ማለት ነው።

ሳቀ። ደረቱ እስኪንጫጫ ድረስ ሳቀ። ከሐይቅ ማዶ የተሸከምኩት እኔ፤ ያሳቀችው እሷ። አንድ ትልቅ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር መቅናቱ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ኑሩ የራሱን አልጋ ለቀቀልኝ። ባለቤቱ ዘሃራ ሩዙ ለሆዴ እንዳይከብድ ለብቻዬ የዶሮ መረቅ ሠራችልኝ፤ በሱፍ ሙሉ ልብሴ ላብ ስጠመቅ አይታም ከወንድሜ ነጭ ቀሚሶች አንዱን ተኩሳ ሰጠችኝ። ለካ ቁመታችን እኩል ነው።

ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ የአገር ሰዎች ጠየቁን። አንዱ ለሦስት ቀን የሚበቃ ተምር፣ ሌላው የዘምዘም ውኃ ይዞ መጣ። ወንድሜን ሁሉም «አፉ በለን» እያሉ ይቅርታ ጠይቀው ይሰናበቱታል፤ እሱም «አፉ ብያለሁ፣ እናንተም አፉ በሉኝ» ይላል። እንግዳው ሲቀንስ ራሐፍ በዚያው ባፈላችው ውኃ ጥጥ እየነከረች ከንፈሩን ታርስለት ጀመር። ትንሹ ወንድሟ ጠጋ አለና፣

«የጥጡን ንገሪኝ» አላት።

እሷም ነገረችው። ጂዲ ያንተን ያህል ሳለ፣ አለች፣ የሱም አያት እንዲህ ተኝቶ ነበር። ጂዲ በጥጥ ውኃ አጠጣው። አያትየውም «ባሕር ተሻገር፣ ዘርህ እንደ ጤፍ ይብዛ፣ በምትሞትበት ቀን ውኃ አቀባይ አትጣ» አለው። ቃሉን አንዳች ሳታዛንፍ ጨረሰችው። ልጁ «ጤፍ ምንድን ነው?» አለ። «ከአሸዋ ትንሽ የሚበልጥ» አለችው።

እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ፤ የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ታሪኩን እንደ ለመደው ሙዚቃ እየሰማ ፈገግ ይል ነበር። ጠቡ የማን ትዝታ ትክክል እንደሆነ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞያዬ ነውና በትዕግሥት በያዝኩት። ነገር ግን ምርቃቱ የሱ ከሆነ እኔ ያለ ምርቃት ቀርቻለሁ፤ ደሴ ላይ የሚጠብቀኝ ባዶ ቤት ነው፣ የውኃ ብርጭቆውም ራሱ አይነሳም። የኔ ከሆነ ደግሞ፣ ይህ ሰው ዓይኔ እያየ በምርቃቴ እየሞተ ነው።

ረቡዕ

የኦክስጅን ሲሊንደር ለመቀየር ከኑሩ ጋር ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ኾበር ሄድን። ራካ የሚባለውን ሰፈር ስናልፍ ደማም የት እንዳለቀ ኾበር የት እንደጀመረ መለየት አልቻልኩም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ቢሆኑ ጆሮ እንኳ ቁልቁለቱን ይነግርሃል።

«አባቴማ» አለ ኑሩ መሪውን እንደያዘ፣ «ያ ምርቃት ባይኖር እናንተ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ አታገኙ ነበር ይለናል። ባሕሩን ተሻገረ። ዋስ የሆነው አሠሪው፣ ካፊሉ፣ እንደ ልጁ ወደደው። ዘሩ ይኸው፣ መኪና አልበቃን አለ።»

«ሦስተኛውስ?» አልኩ።

«ሦስተኛውን ራሐፍ ይዛዋለች። ተራ ለማንም አትሰጥም።»

ማስረጃ ማመዛዘን ልማዴ ነውና በልቤ አመዛዘንኩ። እኔ ከዚህ ሳምንት በፊት ባሕር ተሻግሬ አላውቅም። የወለድኩት ሁለት ልጆች ብቻ ነው። የምርቃቱ ፍሬ ሁሉ በሱ በኩል ይመሰክራል። አንድ ተማሪ ይህን ጉዳይ ቢያቀርብልኝ ለማን እንደምፈርድ አውቅ ነበር።

ኑሩ ሲሊንደሩን ሊቀይር ሲገባ እኔን ባሕሩ ዳር አወረደኝ። ከቀዝቃዛው መኪና ስወጣ መነጽሬ እንደገና ታወረ። ባሕሩን እያየሁ መስሎኝ ስራመድ በአንድ ቤተሰብ ምንጣፍ ላይ፣ በምሳቸው መካከል ቆምኩ። ይጮሁብኛል ስል አባትየው ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ሩዝና ዓሣ በሳሕን አቀረቡልኝ፤ አንዲት ልጅ መነጽሬን ወስዳ በሻርፗ ጠርጋ መለሰችልኝ። ዓለም ሲጠራ መጀመሪያ ያየሁት ወደ ባሕሬን የሚዘረጋውን ረጅም ድልድይ አልነበረም፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሽማግሌ አየሁ፣ አንድ ሕፃን ጢሙን ይጎትታል፣ ሌላው ብርቱካን ልጦ ያጎርሰዋል። አመስግኜ በላሁ። ዓሣው ጣፋጭ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን ከሽማግሌው አላነሳሁም።

ሐሙስ

ማንም ባልነበረበት ጊዜ ጠየቅሁት። የሚያጣጥርን ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ማስጨነቅ ነውር እንደሆነ ራሴን ስመክር አድሬ ነበር፤ ምክሬን ግን አልሰማሁትም።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቅ። የቀብሩ ጠያቂ መልአክ ሳይመጣ አንተ ልትቀድመው ነው።»

«አያታችን ሲሞት ውኃ ያጠጣው ማን ነበር?»

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰለኝ።

«እኔ ነኛ» አለ።

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«ሼሁን ጥራ ተብለህ ተልከህ።»

«ጥጡን በጣቶቼ መካከል አስታውሰዋለሁ። ከንፈሩ ላይ ሲይዝ፣ እንደ መጣበቅ ሲል።»

«ታስታውሳለህ። እኔ ነግሬህ ነው። ቁርአን ቤት ስንሄድ በየቀኑ ንገረኝ ትለኝ ነበር። ጥጡ እንዴት ነበር፣ ከንፈሩ እንዴት ነበር እያልክ ታደርቀኛለህ።» አረፈ። ሲተነፍስ ከሩቅ ዳገት እንደመጣ ሰው ነው። «ወይም አንተ ነህ ለኔ የነገርከኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን ኖሬበት አሁን ከየት ልለየው?»

«ልብህስ ምን ይላል?»

«ልቤማ እኔ ነኝ ይላል። ያንተስ?»

«እኔ ነኝ ይላል።»

ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። «ለምን ፈለግኸው?»

እውነቱን መናገር አልቻልኩም። «ለማወቅ» አልኩ።

«ከፈለግኸው ውሰደው» አለኝ። «እኔ ተጠቅሜበታለሁ።»

የለበሰውን ያገለገለ ካፖርት ለታናሹ እንደሚጥል ሰው ነበር የተናገረው። ለብሼ የተቀመጥኩትም የሱን ቀሚስ ነበር። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ልብስ ሰፊው ከታች ደጃፉን ሲጠርግ እያየሁ ቆየሁ።

ጁምዓ

ኑሩ ትንንሾቹን ይዞ ወደ መስጊድ ሄደ። ጉልበቴ አብጦ ስለነበር እኔ ቀረሁ። ዘሃራ ወጥ ቤት ነበረች። ራሐፍ ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን አድራ፣ ጠዋት ከንፈሩን አርሳለት፣ በሚቀጥለው ክፍል ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ጥሏት ነበር።

ወንድሜ አፉን እንደ መክፈት አደረገ። ልቀሰቅሳት ተነሳሁ፤ ደጁ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ለድካሟ አዝኜ ነው ብል ግማሽ እውነት ይሆናል። ጥጡን ከጎድጓዳው ሳሕን ነከርኩት፤ ጨመቅሁት፤ ከንፈሩ ላይ አኖርኩት። ያዘው፤ እንደ መጣበቅም አለ። ልክ እንደማስታውሰው።

ዓይኑን ገለጠ። ወደ ፊቴ አየ፤ ሞራው ግን ምንም አላሳየውም።

«ራሐፍ» አለ።

ጥጡን እንደገና ነከርኩ።

«ራሐፍ፣ ባሕር ተሻገሪ። ዘርሽ እንደ ጤፍ ይብዛ።» የቀረውን የሚለው አልመሰለኝም ነበር። «በምትሞችበት ቀን ውኃ አቀባይ አትጪ።»

«አሚን» ማለት ይገባ ነበር። ድምፄን እንዳያውቀው ፈርቼ በልቤ አልኩት።

በዚያች ቅጽበት ያየሁትን ልጻፈው፤ ዋጋውን አንባቢ ይመዝን። የአያታችንም ዓይኖች ሞራ ነበረባቸው። ጥጡ በእጄ ሳለ አያታችን «ሰይድ» ሲል ሰማሁት፤ «ሰይድ፣ ባሕር ተሻገር» ሲል። ይህ እውነት ከሆነ እጁ የኔ፣ ስሙ የወንድሜ ነበር ማለት ነው፤ ሁለታችንም አልዋሸንም። ነገር ግን ይህን ስም ከዚያ ቀን በፊት አስታውሼው አላውቅም። ምናልባት ከልጅነቴ ተነስቶ መጣ፤ ምናልባትም እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ የቅናቴን ማስታገሻ ስሻ የፈጠርኩት ነው። መለየት አልቻልኩም። አሁንም አልችልም።

ራሐፍ ፀጉሯ እንደተበተነ መጣች። «ተናገረ እንዴ?»

«መረቀሽ» አልኳት።

«ምን አለ?»

በስሟ እንዳለው አድርጌ ቃል በቃል ነገርኳት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛ አለቀሰች። ውኃውን ማን እንደሰጠው አልጠየቀችም፤ እኔም አልተናገርኩም። ኑሩ ከመስጊድ ሲመለስ ወንድሜ ትንፋሹ ተራርቆ ነበር። ልጁ በጆሮው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያለ፣ የልጅ ልጆቹ ከበውት፣ ከዓስር ሶላት በፊት አለፈ። በጁምዓ መሞት በእኛ ዘንድ የሚመኙት ነው። እሱንም አገኘው፤ በሱም ቀናሁ።

ቅዳሜ

ከቀትሩ ሶላት ከዙህር በኋላ ሰገድንበት፤ በአሸዋው ቀበርነው። መቃብሩ ላይ ስም የለም። አገር ቤት ቢሆን ድንጋዩን ሾላው ሥር አቆምለት ነበር እያልኩ ተመለስኩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር፤ ጎረቤቶች በትልልቅ ትሪ ሩዝ አምጥተው ዘሃራን ወጥ ቤት እንዳትገባ ከለከሏት።

እንግዳው ሲሸኝ ትንሹ ልጅ ራሐፍን «የጥጡን ንገሪኝ» አላት። ሁላችንም ምንጣፉ ላይ ነበርን። እሷም ስለ ጂዲና ስለ ጂዲ አያት ነገረችው፤ ከዚያም ቀጠለች።

«ትናንት ደግሞ እኔ በጥጥ ውኃ እሰጠው ነበር። ዓይኑን ገለጠ። ስሜን ጠራ። ራሐፍ፣ ባሕር ተሻገሪ አለኝ።»

ኑሩ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ተኝተሽ አልነበር?»

ተደናገረች። ዓይኖቿን ጠበብ አደረገች፤ ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ሐሙስ ዕለት በመስኮቱ መስታወት ውስጥ በራሴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። «አይ… ጥጡ እጄ ላይ ነበር። ከንፈሩ ሲይዘው ትዝ ይለኛል» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ እዚያ ነበርክ አይደል? ተናገር።»

ሁሉም አዩኝ። ሌላ ምስክር አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነተኛ ምስክርነት ያስተማርኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቅናቴም አብሮ ነበር፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ነበር የሚያቀብሉኝ።

«እዚያ ነበርኩ» አልኩ። «ያጠጣሽው አንቺ ነሽ።»

ልጁ ተነፈሰ። ራሐፍ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አሁን ለኔም ውኃ ስጪኝ» አልኳት።

ጀሪካኑ ሥር የቀረውን፣ ያልፈላውን፣ ልታፈላው ስትነሳ «እንዳለ ስጪኝ» አልኳት። «ሆድህን ይፈጅሃል» አለች፤ ግን ቀዳችልኝ። ሣር ነበረበት። የሾላው ሽታ አለው ብዬ ጠጣሁት፤ ነበረው አልነበረው ግን አልምልም።

ማክሰኞ

የሐዘኑ ቀናት ሲያበቁ ተመለስኩ። አየር ማረፊያው ድረስ ኑሩና ራሐፍ ሸኙኝ፤ የወንድሜን ቀሚስ ልመልስ ብል ዘሃራ ሻንጣዬ ውስጥ ከትታዋለች። ደሴ ስደርስ ጉም ነበር፤ በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ የውኃ ብርጭቆዬ እንዳስቀመጥኩት ነበር።

ራሐፍ በየሳምንቱ ትደውላለች። «አንተ፣ ውኃ ትጠጣለህ?» ነው መጀመሪያ የምትለኝ፤ ነርስነት ስለምትማር ይሆናል። ያንን ታሪክ አሁን ስትናገር ጥጡ እንዴት እንደቀዘቀዘ እንኳ ትጨምራለች አሉ፤ በዚህ እቀናለሁ፣ አልክድም። አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ስለዚህ ጥጡን የያዝኩት እኔ እንደነበርኩ እዚህ ጻፍኩት፤ ለሷ ግን ማንም እንዳያነብላት።